ለእንግዳ አልጋ የተቀመጠው ጨርቅ

እናቴ ጨርቅ ገዝታ ስትመጣ ዝም ብላ አጣጥፋ አታስቀምጥም ነበር። ከደብተር ላይ ትንሽ ወረቀት ትቀድዳለች። ስንት ሜትር እንደሆነና ለምን እንደተገዛ ትጽፍበትና ጨርቁ ጫፍ ላይ በስፒል ትሰካዋለች። «3 ሜትር ከሩብ። ለእንግዳ አልጋ።» «2 ሜትር ተኩል። ለትልቋ ዩኒፎርም።» አንዱ ላይ ግን ሜትርም ምክንያትም የለም። «ይሄ አይቆረጥ» ይላል፤ ሌላ ምንም።

እማዬ ካረፈች ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመቷ ነው። ሦስት ሻንጣ ጨርቋ ከእኔ ጋር ኮንዶሚኒየም ገባ። አንዱ አልጋ ሥር፣ ሁለቱ ቁም ሣጥን ላይ። በዚያ ላይ የራሴ አለ። ሽሮ ሜዳ ለሌላ ጉዳይ ወጥቼ ይዤው የተመለስኩት ሸማ፣ መርካቶ ላይ «የመጨረሻ ቁራጭ ናት» ተብዬ የገዛሁት ፖፕሊን፣ እህቴ ከዱባይ የላከችልኝ ሽፎን። ሁሉም ለሆነ ጥሩ ቀን የተቀመጠ ነው።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ለቅሶ ልደርስ ነጠላ ፈልጌ የላይኛውን ሻንጣ ከፈትኩ። «ይሄ አይቆረጥ» የተባለውን ጨርቅ ብል በልቶታል። ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ነው። አባዬ ኮት እንዲያሰፋበት የተገዛ። አባዬ ሳያሰፋው አረፈ፤ እማዬም ከዚያ በኋላ መቀስ ልታስጠጋበት አልቻለችም። መስኮቱ ጋ ወስጄ ዘረጋሁት። ቀዳዳዎቹን መቁጠር ጀምሬ 17 ላይ ስደርስ ተውኩት። ከሥሩ የነበሩት የጥጥ ጨርቆች አልተነኩም። ብል የሚወደው ሱፍና ሐር ነው፤ ንጹሕ ጥጥ ብዙም አይነካም። ጥጡን የጎዳው እጥፋቱ ነው። በታጠፈበት መስመር ሁሉ ቢጫ ሆኗል።

ያን ቀን ከለቅሶው ስመለስ ወሰንኩ። እስከ እንቁጣጣሽ አንድ ክንድ ጨርቅ አልገዛም። ያለው ይቆረጣል፤ እኔ የማልቆርጠው ለሚቆርጠው ይሰጣል።

ሁሉንም ሳሎን አወጣሁት። 41 ጨርቅ ሆነ። ተጀምሮ የቀረ ሥራ ደግሞ 11። አንድ እጅጌ የጎደለው ሸሚዝ፣ ግማሹ የተቀመቀመ መጋረጃ፣ ለልጄ የጀመርኩት የሐበሻ ቀሚስ፣ ዚፕ ብቻ የቀረው የባለቤቴ ሱሪ። ዚፕ ብቻ! ሁለት ዓመት ሙሉ።

መኪናው የእማዬ የእጅ ሲንጀር ነው። ጥቁሩ፣ ወርቃማ ጽሑፍ ያለበት። ሳይሠራ ስለቆየ መዘውሩ አልዞር አለ። ሰፈራችን ያሉትን ልብስ ሰፊ ጋሼን ጠየቅኳቸው። «ዘይቱ ደርቆ ነው፤ አታስገድጂው» አሉኝ። «በየቀዳዳው ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጊበትና አሳድሪው።» አሳደርኩት። በማግስቱ ቀስ እያልኩ ወዲያና ወዲህ ሳወዛውዘው ቡናማ ነገር እየተፋ ተላቀቀ። ጋዙን ጠርጌ የስፌት መኪና ዘይት አጠጣሁት። የምግብ ዘይት ግን እንዳታደርጉበት፤ እሱ ሲደርቅ መልሶ የሚያጣብቅ ነው። መርፌውንም ቀየርኩ። ለጥጥ 90 ቁጥር፣ ለሽፎን 70፣ ለጅንስ 100። መርፌ እስኪሰበር አይጠበቅም፤ ሲደንዝ ጨርቁን ይጎትታል። ክረምቱን ሙሉ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ይሄ መኪና አንድም ቀን ሥራ አላስፈታኝም።

ቀጥሎ መለየት ነበር። የእማዬ ወረቀት ሜትሩን ይናገራል እንጂ የጨርቁን ዓይነት አይናገርም። ስለዚህ ከየጨርቁ ጫፍ ክር እየመዘዝኩ በክብሪት አቃጠልኩ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነኩት ይበናል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል። «ንጹሕ ጥጥ ነው» ተብዬ ብዙ ብር ያወጣሁበት አንድ አበባማ ጨርቅ ዓይኔ እያየ ቀለጠ። በጣም አዘንኩ። ያም ሆኖ ማወቁ ይሻላል፤ ብጣሹ የት እንደሚገባ የሚወስነው ይሄ ነው። ለስፌት የማይበቃ የጥጥ ቁራጭ ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ፖሊስተር ግን የጋለ ምጣድ ላይ ይቀልጣል።

ጥጡን ሁሉ ሳልቆርጥ ነከርኩት። በተለይ ሸማውን። ፈትል ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል። ሳይነክሩ የሰፉት ቀሚስ አንዴ ሲታጠብ ከቁርጭምጭሚት ወደ ባት ይወጣል። በክረምት ማድረቁ ፈተና ነው፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ቤታችን በገመድ ተተብትቦ ሰነበተ።

መጀመሪያ የቆረጥኩት «ለእንግዳ አልጋ» የሚለውን ነው። ነጭ መደብ ላይ ሰማያዊ ጽጌረዳ ያለበት ፖፕሊን። እኛ ቤት የእንግዳ አልጋ የለም። እማዬም ቤት አልነበረም። እንግዳ ሲመጣ አልጋዋን ለቃ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፋ ነበር የምትተኛው። የራሷ አንሶላ መሃሉ የተጣፈ ነበር፤ ጣፉ ከሌላ አንሶላ የተረፈ፣ ቀለሙ እንኳ የማይገጥም። ይሄ ጨርቅ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ሻንጣ ውስጥ ነበር። እጥፋቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ቆረጥኩ።

ከተነከረ በኋላ 3 ሜትር ከ15 ሆኗል። ስፋቱ አንድ ሜትር ከአሥር ስለሚያልፍ ጎን ለጎን ሁለት፣ በቁመት ሁለት አድርጌ አራት የትራስ ልብስ አወጣሁለት። ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከ55 ሄደ። ከጀርባው ተደራርቦ የሚዘጋ ስለሆነ ቁልፍም ዚፕም አይፈልግም። በቁመቱ የተረፈው 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ማታውኑ አራታችንም ተኛንበት።

የልጄ ቀሚስ ግን ሁለት ሳምንት ወሰደብኝ። የጀመርኩላት ሰባት ዓመቷ እያለ ነው፤ አሁን 14 ሆናለች። ከጎኑ ልቀጥልበት፣ ከወገቡ ላስረዝመው ብዬ ተነሣሁ። ሸማ ስፋቱ ውስን ነው። ሸማኔው መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ስለሚወረውር እጁ ከሚደርስበት በላይ አይሰፋም። ስለዚህ መቀጠል የግድ ነው። ሻንጣ ውስጥ የነበረው ሸማ ደግሞ ነጭነቱ ከቀሚሱ ጋር አልገጥም አለ። ሁለት ጊዜ ሰፋሁት፣ ሁለት ጊዜ ተረተርኩት። በመጨረሻ ልጄ አጠገቤ ቁጭ አለችና «እማ፣ እኔ እኮ ብትጨርሺውም አልለብሰውም። ጥለቱን ግን እወደዋለሁ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ያቺ ቀሚሱ የታሰበላት የሰባት ዓመት ልጅ አድጋለች። ጅምር ሥራ ሁሉ እንደታሰበው ማለቅ አለበት ያለው ማን ነው? ይሄን ነገር ቀደም ብዬ ባውቀው ኖሮ ከ11ዱ ግማሹ ያን ያህል ዓመት አይቀመጥም ነበር። መጋረጃው ለድሮው ቤት መስኮት የተለካ ነው፤ እንደዚያው ልጨርሰው ስል ከረመ። አሁን ቆርጬ የወጥ ቤት መጋረጃና ሁለት የእንጀራ ጨርቅ አደረግኩት። አንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ።

ጥለቱን ከቀሚሱ ላይ አወጣሁት። ሸማ ቀድሞ ከተቆረጠ እጅ ላይ ይበተናል። እኔ በደረቅ ሳሙና አሰምርና ከመስመሩ ግራና ቀኝ በመኪና እሰፋለሁ፤ መሃሉን የምቆርጠው ከዚያ በኋላ ነው። አረንጓዴና ወርቃማው ጥለት አሁን የጅንስ ጃኬቷ ጀርባ ላይ ነው። ለእንቁጣጣሽ እለብሰዋለሁ ብላለች።

አሁን ስለ ደሪቶው፣ ቁራጭ ጨርቅ ቀጣጥዬ ስለሰፋሁት የአልጋ ልብስ፣ ላውራ፤ ክረምቱን ያስወደደኝ እሱ ነው።

ደሪቶ የሚለውን ቃል ልጆቼ አያውቁትም። በእኔ ልጅነት ቃሉ ያሳፍር ነበር። ደሪቶ የሚለብስ ቤት ብርድ ልብስ መግዛት ያልቻለ ቤት ነው ይባላል። እማዬ ግን ደሪቶዋን ተጠንቅቃ ነበር የምትሠራው። ቀይ ከቀይ አጠገብ አታደርግም። መስመር ያለውን ጨርቅ መስመሩን አንዴ ቁልቁል፣ አንዴ አግድም ታደርገዋለች። ሕፃን ሆኜ ሥሩ ስተኛ አላስተዋልኩትም። ገባኝ ያልኩት ራሴ መሬት ላይ ቁራጮቹን ደርድሬ ማዟዟር ስጀምር ነው።

ከካርቶን 17 በ17 ሳንቲ ሜትር ቅድ ሠራሁ። በየጎኑ አንድ ሳንቲ ሜትር ለስፌት ሲሄድ 15 ይቀራል። 10 በ13፣ 130 ቁራጭ። ይሄ የሜትር ከሃያ አልጋ ሸፍኖ በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች አልገጠሙም፤ አንዱ ከሌላው በአራት ሳንቲ ሜትር በለጠ። ስፌቴ አንዴ ሲጠብ አንዴ ሲሰፋ ነው። ተረተርኳቸውና ከመርፌው አንድ ሳንቲ ሜትር ለክቼ መኪናው ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ። የጨርቁን ጠርዝ ፕላስተሩን አስታክኬ ስሰፋ ከዚያ በኋላ አንድም ረድፍ አልተዛነፈም።

ከ41ዱ ጨርቅ 22ቱ ደሪቶው ውስጥ አሉ። «ለትልቋ ዩኒፎርም» የተባለው ቴትሮን አለ። ትልቋ እኔ ነኝ። ያን ዓመት ትምህርት ቤት ቀየርኩና የዩኒፎርሙ ቀለም ሌላ ሆነብን። የወንድሜ የክርስትና ልብስ ትራፊ አለ። ሥሩ፣ ማለትም ገበሩ፣ እማዬ በደርግ ጊዜ ከቀበሌ ሱቅ የገዛችው አቡጀዲ ነው። ያኔ ጨርቅ በወረፋ ነበር፤ ተራው ሲደርስ ያስፈለገም ያላስፈለገም ይገዛል። ለምን እንደምታስቀምጥ አሁን ሳስበው ይገባኛል።

መሃሉ ላይ ያስገባሁት ያደግንበትን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ነው። ፀጉሩ አልቋል፣ ጠርዙ ተቀዳዷል። መጣል ግን ማንኛችንም አልሆነልንም። ብል እንዳይኖርበት ፀሐይ በወጣች ቁጥር አሰጣሁት፣ አራገፍኩት፣ እርጥብ ጨርቅ ደርቤ የጋለ ካውያ አሳለፍኩበት።

ሦስቱን ደራርቦ መስፋት ከመኪናው አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ በእጅ ቋጠርኩት። አራት ቁራጭ በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ በወፍራም መርፌ ድርብ ክር ወደ ታች አወርዳለሁ፣ መልሼ አወጣለሁ፣ ሁለት ጊዜ አጥብቄ እቋጥራለሁ። 108 ቋጠሮ ነው። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር መስኮት ሥር እቀመጣለሁ፤ ልጄ መርፌ ላይ ክር ታስገባልኛለች። «ይሄኛውስ የምን ነበር?» ትላለች። የማውቀውን እነግራታለሁ። የማላውቀው ሲሆን ወረቀቱን አውጥተን እናነባለን። አያቷን በደንብ አታስታውሳትም፤ የእጅ ጽሑፏን ግን አሁን ለይታ ታውቀዋለች። «ሜትር» ስትጽፍ «ሜ»ን አግዝፋ እንደምትጽፍ ያየችው እሷ ናት፤ እኔ ልብ ብዬው አላውቅም።

ሱፉን መጨረሻ አስቀረሁት። ብቻዬን ልቆርጠው ስላልፈለግኩ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «ብል ቆርጦት የለ እንዴ? ቁረጪው» አለ። ትንሽ ዝም አለና «ለእኔ የሚሆን ነገር ይወጣዋል?» አለኝ።

ሰደርያ ይወጣዋል። የሰደርያ ጀርባ በገበር ስለሚሠራ ሱፉ የሚያስፈልገው ለፊቱ ብቻ ነው። ቀዳዳዎቹን ሁሉ በሳሙና ከበብኳቸው። ቅዱን በመሃላቸው እያዟዟርኩ አንድ ሰዓት ፈጀሁ፤ ክሩ ቀጥ ብሎ ካልወረደ ልብሱ ሲለበስ ይጣመማል። ከአንዲት ቀዳዳ ማምለጥ አልተቻለም። ከዚያው ሱፍ ጠርዝ ክር መዝዤ ድርና ማግ እያደረግኩ ሞላኋት። የት እንደሆነች ለማያውቅ አትታይም። ወንድሜ እሑድ መጥቶ ለካው፤ ትከሻው ላይ ልክ ሆነ። ወረቀቱን አጣጥፎ ይዞት ሄደ።

ዘጠኝ ጨርቅ ለጋሼ ሰጠኋቸው። ስፌት የሚያስተምሯቸው ሁለት ልጆች አሏቸው፤ መለማመጃ ጨርቅ ሁልጊዜ ያጥራቸዋል። ያ ጥጥ ነው የተባለው አበባማም አብሮ ሄደ። የመጀመሪያዋን ቀሚስ ሰፍተውበት አሳይተውኛል፤ አንገቷ ላይ ትንሽ ተኮማትራለች እንጂ ቆንጆ ናት።

ዛሬ ጳጉሜን 2 ነው። ሁለት ሻንጣ ባዶ ሆኗል። ከ41ዱ ስድስት ቀርቶኛል፤ ከ11ዱ ጅምር ደግሞ የባለቤቴ ሱሪ። ዚፕ ጨርቅ ስላልሆነ ትናንት መርካቶ ወርጄ ገዛሁ። ቡናማ፣ 18 ሳንቲ ሜትር። ሱሪው መኪናው አጠገብ ተዘርግቷል፤ እራት በልተን ልጆቹ ሲተኙ እሰፋዋለሁ።