የትኛው መዝገብ?

«መዝገቡ ተዘግቷል።» ይህን ከችሎት የሰማ ባለጉዳይ ብዙ ጊዜ ተሸነፍኩ ብሎ ይወጣል፤ ከአንድ መሥሪያ ቤት የሰማው ደግሞ ጉዳዬ ተቀበረ ይላል። ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ መዝገብ የሚለው ቃል ብዙ ነገር ተሸክሟልና።

ቃሉ በግእዝ ከወረቀት ጋር አልተጣበቀም። ግምጃ ቤት ነው፤ በውስጡ የተከማቸው ሀብትም መዝገብ ይባላል። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 በአማርኛ «በምድር ላይ መዝገብ አትሰብስቡ» ሲል ሰነድ ማስቀመጥን አልከለከለም፤ የሚናገረው ስለ ሀብት ነው። መዝገበ ቃላትም የቃላት ግምጃ ቤት ማለት ነው። ዛሬ «መዝገብ ቤት» የምንለው አቧራማ ክፍል የስሙን ክብር የሚያውቅ አይመስልም።

ትርጉሙ ሲምታታ ዋጋ የሚያስከፍለው ፍርድ ቤት ላይ ነው። በወንጀል ጉዳይ አንድ ክስ ሦስት ቁጥር ሊኖረው ይችላል፦ የፖሊስ የምርመራ መዝገብ ቁጥር፣ የዐቃቤ ሕግ መዝገብ ቁጥር እና የፍርድ ቤት መዝገብ ቁጥር። የፖሊሱን ቁጥር ይዞ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት መስኮት ላይ የቆመ ሰው «እንዲህ ያለ መዝገብ የለም» ይባላል፤ መዝገቡ ግን አለ፣ በሌላ ቁጥር።

በፍትሐ ብሔር ደግሞ «ተዘጋ» ራሱ ብዙ ዓይነት ነው። ውሳኔ የተሰጠበት ፋይል ሁሉ መጨረሻው ላይ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ይመለሳል፤ ያሸነፈውም የተሸነፈውም የሚያነቧት መስመር ያቺው ናት። በተከራካሪዎች መቅረት ከተዘጋ ግን የተዘጋበትን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር፣ ማለትም አንቀጹን፣ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለቱም ወገኖች ቀርተው በቁጥር 69(2) ከተዘጋ፣ የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ሕጉ ክስ ለማቅረብ የሰጠው ጊዜ፣ እስካላለፈ ድረስ ከሳሹ የዳኝነት ክፍያ ከፍሎ አዲስ ክስ መክፈት ይችላል። ተከሳሽ ቀርቦ ከሳሽ ብቻ ከቀረና በቁጥር 73 ከተዘጋ በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ አይከፈትም። ያለው መንገድ በቁጥር 74 መሠረት በአንድ ወር ውስጥ ለመቅረት በቂ ምክንያት እንደነበረ አስረድቶ ትእዛዙ እንዲነሳ ማመልከት ነው። ይህን ወር በሐዘን የሚያሳልፉት ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ «ተዘጋ» ሲባል የትእዛዙን ግልባጭ አውጡና የተጠቀሰውን ቁጥር አንብቡ።

ያሸነፈውም ቢሆን ፍርዱን በዚያው መዝገብ አያስፈጽምም። የአፈጻጸም መዝገብ ለብቻው ይከፈታል፤ የራሱ ቁጥርና የራሱ ቀጠሮ አለው።

«የክብር መዝገብ» ደግሞ ሌላ ግራ የሚያጋባ ስም ነው። እንግዳ «በክብር መዝገቡ ላይ ፈረሙ» ሲባል ስለ ጉብኝት ማስታወሻ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚጻፉበትን የመንግሥት መዝገብ በዚሁ ስም ይጠራዋል፤ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ይፈጸማል የሚባለውም ለዚህ ነው። አስገራሚው ነገር ያው ሕግ በቁጥር 3361 መዝገቡ ሥራ የሚጀምርበትን ቀን ለወደፊት ትእዛዝ መተዉ ነው። ለአሥርት ዓመታት መዝገቡ ሳይኖር ስሙ ብቻ ኖረ። አሁን የምንሠራበት «ወሳኝ ኩነት» የመጣው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው፦ ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው።

በመሥሪያ ቤት የሚፈለገው ገቢ መዝገብ ነው፤ ወደ መሥሪያ ቤቱ የገባ ደብዳቤ ሁሉ የሚጻፍበት። ደብዳቤ ለጸሐፊ መስጠት ገቢ ማድረግ አይደለም። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ በእናንተ ቅጂ ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር ይጻፍ፣ ማኅተም ይደረግበት። ቀጥሎ የሚጠየቀው «ለማን ተመራ?» ነው። ደብዳቤ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ገቢ ከሆነ በኋላ፣ ከመዝገብ ቤት ወደ ተመራለት ሰው ሲሄድ ነውና። የሠራተኛ የግል ማኅደር ከዚህ የተለየ ነው፤ ማኅደሩ ስለ ሰውየው ነው፣ ገቢ መዝገቡ ስለ ወረቀቱ ጉዞ።

«ጥቁር መዝገብ» በአብዛኛው አነጋገር ነው፤ ስሙ ጠፋ ለማለት። የሂሳብ መዝገብን ለሂሳብ ባለሙያዎች ልተወው።

የሚቀረው ምስጢሩ ነው። «ምስጢር» ወይም «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ጽሑፍ የሚናገረው ፋይሉን ማን እንደሚከፍተው ነው። መረጃ ለጠየቀ ሰው ግን ማኅተሙን አሳይቶ ማሰናበት ብቻውን በቂ መልስ አይደለም። በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መነሻው መስጠት ነው፤ ክልከላው አዋጁ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች ከአንዱ ሥር መውደቅ አለበት፤ ለምሳሌ የአገር ደኅንነት፣ የሦስተኛ ወገን የግል መረጃ ወይም የንግድ ምስጢር። መልስ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ከተከለከለም ምክንያቱ ይገለጻል።

ጥያቄውን ስትጽፉ «ስለ ጉዳዩ ያለውን መዝገብ ሁሉ» አትበሉ፤ «የለም» ለማለት የሚያመቸው እንዲህ ያለው ነው። የደብዳቤውን ቀን፣ ቁጥር፣ የጻፈውን ክፍል የቻላችሁትን ያህል ጥቀሱ። ማመልከቻችሁም ገቢ ይደረግ፤ የ30 ቀኑን መነሻ የሚያስረዳላችሁ እሱ ነው።