የአሮጌ መብራት ጣጣው አምፖሉ ነው

ፒኤች 5 በመጨረሻ እንደሚገባት በራችልኝ! ከዚህች የዴንማርክ ማንጠልጠያ መብራት ጋር ክረምቱን ሙሉ ስንተናነቅ ነው የከረምነው። ለማታውቁኝ ባጭሩ፦ የምኖረው ስቶክሆልም ነው፤ የ1950ዎቹንና የ60ዎቹን መብራቶች ሎፒስ ከሚሉት የአሮጌ ዕቃ ገበያ እየለቀምኩ አጽድቼ አበራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አጀማመሬ የተለመደ ነው። መጀመሪያ የሃንስ-አግነ ያኮብሶን ሥራ የሆነች፣ ከስስ የጥድ ዝርግ የተሠራች ማንጠልጠያ መብራት ገዛሁ። ለጀማሪ ከእሷ የተሻለ የለም፤ እንጨቱን በደረቅ ብሩሽ አቧራውን ማንሳት ብቻ ነው። ቀጥሎ የጆርጅ ኔልሰን ባብል። አሜሪካዊው ኔልሰን የስዊድን የሐር መብራት አምሮት ዋጋው 125 ዶላር ሲሆንበት፣ የአሜሪካ ጦር መርከቦቹን ለማሸግ የሚረጨውን ፕላስቲክ በሽቦ ላይ አስረጭቶ የራሱን ሠራ። የእኔዋ ባብል ኮፒ ናት። አልደብቅም፣ ደግሞ ቤቴ የመጣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

አርኮን የምትጠይቁኝ አላችሁ። የካስቲሊዮኒ ወንድማማቾች በ1962 የሠሩት፣ ከሶፋው ጀርባ ቆሞ ፊት ለፊት የሚያበራው ቅስት ማለት ነው። እምነበረዱ ብቻ 65 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ለጌጥ አይደለም፤ የመጥረጊያ እንጨት አስገብታችሁ ለሁለት እንድታነሱት ነው። ሐሳቡን እወደዋለሁ። አሳንሰር በሌለው ፎቅ ላይ ስለምኖር ግን ፍቅራችን በሩቁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ፒኤች 5ን የሠራት ፖል ሄኒንግሰን አርክቴክት ነው፣ ምላሱም የማይመለስ ሃያሲ ነበር። ያደገው በላምባ መብራት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ያናደደው ራቁቱን የተሰቀለው አምፖል ዓይን መውጋቱ ነው። በኩራዝ ያጠና ሰው ይሄ ይገባዋል፤ ኩራዝ ጭሱ ነው እንጂ ብርሃኑ ዓይን አይወጋም። ሄኒንግሰን ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሦስት ቆብ ደራርቦ አምፖሉን ደበቀው። የቆቦቹ ጥምዝ በሎጋሪዝም የተሰላ ነው። ችግሩ፣ እንዲህ ያለ ስሌት አምፖሉ የት እንደሚቀመጥና ምን ቅርጽ እንዳለው ማወቅ ይፈልጋል፤ ፋብሪካዎቹ ደግሞ ቅርጹን በየጊዜው እየቀያየሩ አስመረሩት። በ1958 ፒኤች 5ን ያወጣው ለዚህ ነው፦ የፈለጋችሁትን አምፖል ክተቱባት፣ ከየትም ብታዩ አይወጋችሁም። 5 የተባለችው የትልቁ ቆብ ስፋት 50 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ነው። ውስጧ ደግሞ ቀይና ሰማያዊ የተቀቡ ትናንሽ ክፍሎች አሉ። ዓይናችን ቢጫና አረንጓዴ ላይ ጎበዝ፣ ቀይና ሰማያዊ ላይ ደካማ ነው፤ እሱን ለማካካስ ነው።

ታዲያ የአውሮፓ ኅብረት ከ2009 ጀምሮ የድሮውን አምፖል ከገበያ አስወጣና ኤልኢዲ መጣ። የተለመደው ርካሽ ኤልኢዲ ታችኛው ግማሹ ብርሃን የማያሳልፍ ፕላስቲክ ነው። ፒኤች 5 ውስጥ አምፖሉ ቁልቁል ስለሚሰቀል፣ ያ ፕላስቲክ የላይኞቹን ቆቦች ይጋርዳቸዋል። ጠረጴዛው ቦግ ይላል፣ ላይ ያለው ቀይ ክፍል ድርግም። ሰዎች ይሄንን አይተው «አይ፣ ፌክ ነች» ይላሉ። ፌኩ አምፖሉ ነው!

ሁለተኛው ጣጣ ቀለሙ ነው። ነጭ የኤልኢዲ ብርሃን በአብዛኛው ሰማያዊ ቺፕ ላይ ቢጫ ዱቄት ተቀብቶ የሚወጣ ስለሆነ ሰማያዊው ይተርፋል፣ ደማቁ ቀይ ይጎድላል። ካርቶኑ ላይ «ሲአርአይ 80» (ብርሃኑ ቀለማትን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካው ቁጥር) ሲል ደግሞ አትመኑት። ያ ቁጥር የስምንት ፈዛዛ ቀለሞች አማካይ ነው፤ ደማቁ ቀይ፣ አር 9 የሚሉት፣ ውስጡ አይቆጠርም። ያልተላከ ቀይ ደግሞ ከቀይ ቀለም ላይ አይንጸባረቅም። የሄኒንግሰን ብልሃት በሙሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

የሠራልኝ ይሄ ነው፦ ፊላመንት የሚባለው ዓይነት ኤልኢዲ፣ ብርጭቆው ወተት የመሰለ፣ 2700 ኬልቪን (ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን)፣ ሲአርአይ ከ90 በላይ፣ አር 9ኙን ፋብሪካው በግልጽ የጻፈበት። ብርሃኑ ወደ ጎንም ወደ ላይም ይሄዳል። ቀዩ ክፍል ሲፈካ አይቼ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ከጠረጴዛው 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሏት፤ ጣሪያ ሥር የሚሰቅላት ሰው ለምን እንደገዛት አይገባኝም።

ስለ ጽዳት ብዙ አትጠይቁኝ። ለብ ያለ ውኃ፣ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፤ ቆቦቹን ከኤሌክትሪኩ ለይታችሁ። ብርጭቆ ወረቀት ይዞ የሚቀርብ ሰው ቤቴ አይግባ። ቀለም መቀባትም እንደዚያው፤ የተጫረ ኦሪጅናል ከሚያብረቀርቅ አዲስ ቀለም ይሻለኛል፣ መብራቱ ከተቀባ ዋጋውም ይወርዳል። ገመድ ላይ ግን ተቃራኒ ነኝ፦ የድሮው የጎማ ሽፋን ይደርቅና ይሰነጣጠቃል፣ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ማቆየት እሳት መጥራት ነው። ሙሉውን ቀይሩት። እኔ እንኳን ብረት መብራት ሲሆን፣ የኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ነገር ስላለበት፣ ለኤሌክትሪሽያን ነው የምሰጠው። ስለ መብራት እንዲህ አፌን ሞልቼ የማወራው ሰው ሽቦ እፈራለሁ፣ በቃ።

አሁን የቀረኝ ዲመሩ፣ ብርሃን መቀነሻው ነው። የድሮው አምፖል ሲቀንሱት እየቀላ ይሄዳል፣ ኤልኢዲ ግን ያው ቀለሙን እንደያዘ ይደክማል። ሲቀንሱት ቀለሙ እንደ ድሮው እየቀላ የሚሄድ ኤልኢዲ እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን ብርጭቆው ወተት የመሰለ፣ ሲአርአዩም ከ90 በላይ የሆነ እስካሁን አላገኘሁም። ያገኛችሁ ካላችሁ ሞዴሉን ጻፉልኝ፣ መግጠሚያው ኢ27 ነው።