12.2 ቮልት አሳየኝ፣ ራውተሩ ግን መጥፋቱን አልተወም

መልቲሜትር (ቮልትና አምፔር መለኪያ መሣሪያ) መንካት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። እስካሁን ባትሪና የተበጠሰ ገመድ ነበር የምለካው። ይህን ሳምንት ግን አዳፕተር ላይ ነው የሰነበትኩት። እንደኔ ጀማሪ ለሆናችሁ ይጠቅማል ብዬ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ነገሩ የመጣው ከራውተር ነው። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ድንገት ጠፍቶ ተመልሶ ይበራል፤ በተለይ ብዙ ስልክ ሲገናኝበት። ራውተሩ አለቀለት ብዬ ልቀይረው ነበር። ቆይ፣ መጀመሪያ አዳፕተሩን ልየው አልኩ።

ጀርባው ላይ «አውትፑት» በሚለው መስመር 12 ቮልት፣ 1 አምፔር ይላል። ከቮልቱ ጎን አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከሥሩም ቁርጥርጥ ሰረዝ ካለ ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ነው። የሞገድ ምልክት ካለ ግን የሚወጣው ኤሲ (አቅጣጫው የሚለዋወጥ) ነው፤ እንደዚያ ያሉም አሉ። ሌላዋ ትንሽ ሥዕል ፖላሪቲውን፣ ማለትም ፕላስና ማይነሱ የት የት እንደሆነ ታሳያለች። መሃል ያለችው ነጥብ ከፕላስ ጋር ከተያያዘች የጃኩ (ዕቃው ላይ የሚሰካው የገመዱ ጫፍ) ውስጥ ፖዘቲቭ፣ ውጪው ኔጋቲቭ ነው።

ጥቁሩን ገመድ «ኮም» ላይ፣ ቀዩን የቮልት ምልክት ያለበት ቀዳዳ ላይ ሰካሁ። መዞሪያውን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አደረግኩ። መጀመሪያ አዲስ የድንጋይ ባትሪ ለካሁ፤ 1.58 አለኝ። ይህን መዝለል ጥሩ አይደለም። የመልቲሜትሩ የራሱ ባትሪ ሲደክም የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል።

ከዚያ የቀዩን ጫፍ ጃኩ ውስጥ፣ የጥቁሩን ውጪው ላይ። እጅ መንቀጥቀጥ የለበትም፤ አንዱ ጫፍ ሁለቱንም ከነካ ሾርት ነው፤ ፕላስና ማይነሱ በቀጥታ ይገናኛሉ። 12.2 ቮልት! ማይነስ ምልክትም የለም፣ ፖላሪቲው ልክ ነው። አዳፕተሩ ጤነኛ ነው ብዬ መልሼ ሰካሁት። ማታውን ራውተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋ።

እዚህ ጋ ነው ትልቁን ነገር የተማርኩት። ቮልት ሲለካ ዲጂታል መልቲሜትር ከአዳፕተሩ ምንም ያህል ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) አይወስድም። የብዙዎቹ የውስጥ ሬዚስታንስ (ከረንትን የሚገታው ነገር) 10 ሜጋኦም አካባቢ ነው። በ12 ቮልት ሲሰላ ከአንድ ማይክሮአምፔር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሸክም ሳይጭኑ የአህያን ጉልበት እንደመገመት ማለት ነው። ስለዚህ ሎድ፣ ማለትም ከረንት የሚስብ ሸክም ያስፈልጋል።

ለሎድ ከሞተር ሳይክል ፍሬቻ የወጣ 12 ቮልት፣ 10 ዋት አምፖል ተጠቀምኩ። 10ን ለ12 ብናካፍል 0.83 አምፔር ይመጣል፤ ለ1 አምፔር አዳፕተር ልክ የሆነ ሸክም ነው። ሁለት ሽቦ በየድኩበትና ከጃኩ ጋር አገናኘሁት። አምፖሉ በራ፣ ግን እንደ ሻማ ቢጫ ሆኖ ነው። መልቲሜትሩ 9.1 አለ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ 8.6 ወረደ። ከሌላ ዕቃ ላይ የነቀልኩት ተመሳሳይ አዳፕተር ላይ ስሞክረው አምፖሉ ነጭ ሆኖ ቦግ አለ፤ ቁጥሩም 11.9 ላይ ቆመ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የአምፖል ክር ቀዝቃዛ እያለ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። ደህናው አዳፕተርም ራሱን ለመጠበቅ ብልጭ ጥፍት ሊል ይችላል። ያኔ ብልሽት ነው ከማለታችሁ በፊት በ5 ዋት አምፖል ሞክሩ።

አሮጌውን ከሶኬት ነቅዬ ትንሽ ካቆየሁት በኋላ ከፈትኩት። መውጫው በኩል ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዘው ክፍል) አናቱ አብጧል፤ ብልሽቱ እሱ ሳይሆን አይቀርም። መግቢያው በኩል ያለውን ትልቁን ግን በፍጹም አትንኩ። በ220 ቮልት መስመር ላይ ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፤ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይበት ይችላል። እኔም ጥገናውን ትቼ አዳፕተሩን ቀየርኩት። ሲቀየር ቮልቱና ፖላሪቲው አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አምፔሩ ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ዕቃው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚስበው። አሁን ባለ 2 አምፔር ነው የሰካሁት። አምስተኛ ቀኑ ነው፣ አንዴም አልጠፋም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ትራንስፎርመር ያላቸው የድሮ ከባድ አዳፕተሮች ያለ ሎድ ሲለኩ ከተጻፈው በላይ ያሳያሉ። 12 የተባለው 16 ቢል አትደንግጡ። የታይፕ ሲ ቻርጀር ደግሞ ገመዱ ጫፍ ላይ ዜሮ ቢያሳይ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ዕቃ መሰካቱን ሳያውቅ ቮልት አይለቅም።

ከሁሉም በላይ ግን ቀዩን ገመድ 10 አምፔር ቀዳዳ ላይ ሰክታችሁ የአዳፕተሩን ሁለት ጫፍ በቀጥታ እንዳትነኩ። «ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ልይ» ብዬ ልሞክረው ነበር፤ ያነበብኩት ማስጠንቀቂያ ነው ያተረፈኝ። ያ መለካት ሳይሆን ሾርት ማድረግ ነው። አምፔር የሚለካው መልቲሜትሩ በአዳፕተሩና በዕቃው መሃል በተከታታይ ሲገባ ነው። የሚቀጥለው ሥራዬም እሱ ነው፤ ራውተሩ ሲነሳና ብዙ ስልክ ሲገናኝበት ስንት እንደሚስብ ለክቼ ቁጥሩን አመጣላችኋለሁ።