ከአዳማ አሰላ በቅጥቅጥ፦ መስኮት ዳር የተማርኩት

ወዳጆች፣ በአዳማ ዙሪያ ያሉትን መንገዶች በሕዝብ ትራንስፖርት እየሄድኩ ያየሁትን መመዝገብ ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ ያስተማረኝ የአሰላው መንገድ ነው። ወንጂም ሶደሬም ደርሼ ተመልሻለሁ። የወንጂ ሸንኮራ ያምራል፤ ግን ቅርብ ስለሆነ ዓይን ሳይጠግብ "ወራጅ አለ!" ይባላል። ሶደሬም ቢሆን የሚታወሰኝ ፍል ውሃውና ጦጣዎቹ እንጂ ጉዞው አይደለም። ስለዚህ የአሰላውን ላካፍላችሁ።

ርቀቱ ወደ 75 ኪሎ ሜትር ነው። አሰላ ደጋ ስለሆነች መንገዱ ከመነሻው ሽቅብ የሚወጣ ይመስላል፤ ግን መጀመሪያ ቁልቁል ይወርዳል። አዋሽ መልካሳ ላይ ከፍታው ወደ 1,550 ሜትር ይደርሳል፣ ሙቀቱም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ከዚያ አዋሽን ተሻግሮ በዴራ በኩል መውጣት ይጀምርና ኢተያን አልፎ አሰላ ሲገባ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። ከቆላ ጫፍ ተነስቶ፣ ወይና ደጋውን አቋርጦ፣ በግማሽ ቀን ውስጥ ደጋ የሚያስገባ መንገድ በራፋችን ላይ አለን ማለት ነው። በስልኬ የከፍታ መለኪያውን ከፍቼ ቁጥሩ ሲቀየር እያየሁ ከውጭ ካለው ሰብልና ዛፍ ጋር ማመሳከር የጀመርኩትም በዚሁ መንገድ ነው።

የመኪናው ምርጫ ለውጥ ያመጣል። ሚኒባስ ይፈጥናል፣ ግን መስኮቱ ዝቅ ያለ ነው፤ መሀል ላይ ከተቀመጡማ የሚታየው የሰው ትከሻ ነው። እኔ የምመርጠው ቅጥቅጥ ነው። ከፍ ብሎ ያስኬዳል፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ በየቦታው እየቆመ ሰው ያወርዳል፣ ይጭናል። ለሥራ ለሚሄድ ሰው መቆሙ ያሰለቻል፤ ለእኛ ግን ትልቁ ጥቅም እሱ ነው፣ ሰብሉን ጠጋ ብለን የምናየው መኪናው ሲቆም ነውና። መናኸሪያ በጠዋት ድረሱ። መስኮት ዳር ያለው ወንበር ከተያዘ አትቸኩሉ፤ ቀጣዩ ተራ ላይ ያለው መኪና እስኪጭን መጠበቅ ያዋጣል።

በየትኛው በኩል ልቀመጥ ለሚለው ብዙ ሞክሬ የደረስኩበት መልስ፣ ሲሄዱም ሲመለሱም በቀኝ በኩል የሚል ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። መንገዱ በጥቅሉ ወደ ደቡብ ስለሚሄድ የጠዋት ፀሐይ በግራ ይመጣል፤ በቀኝ ያለ ሰው ጥላ ውስጥ ሆኖ፣ ከዴራ በኋላ መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር የስምጥ ሸለቆው ሜዳ ከበታቹ ሲዘረጋ ያያል። የጭላሎ ተራራ በግራ ነው፣ ግን ጠዋት ፀሐይዋ ከበስተጀርባው ስለሆነች ጥቁር ጥላው ብቻ ነው የሚታየው። ከሰዓት ስትመለሱ ግን ጭላሎ በቀኛችሁ ይሆናል፣ የምዕራቡ ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል፣ እናንተን ደግሞ ከጀርባ። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ተራራ ገደሉና ሸንተረሩ ተለይቶ የሚታየው ያኔ ነው። አሰላን እንደለቀቃችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ዞር ማለት ያስፈልጋል። ክረምት ላይ ከሰዓት ደመና ስለሚሸፍነው ይህ ምክር ለበጋ ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ዓይኔ ተራራ ላይ ብቻ ነበር፤ ቀስ በቀስ ማሳ ማየት ለመድኩ። መልካሳ አካባቢ ግራር፣ ቁልቋል፣ ፍየል። ከፍ ሲል ጤፍ። ኢተያ ሲቃረብ ግራሩ እየሳሳ ባሕር ዛፍ ይተካዋል፣ ከዚያ በኋላ ስንዴ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በዚሁ አንድ መንገድ ላይ ሁለት የግብርና ምርምር ማዕከሎች መኖራቸውም ትርጉም የሰጠኝ ይህን ካየሁ በኋላ ነው። የመልካሳው ዝናብ በሚያጥርበት ቆላማ አካባቢ የሚሆን ቦሎቄ፣ በቆሎና አትክልት ላይ ይሠራል፤ "አዋሽ 1" የሚባለው ነጭ ቦሎቄና "መልካሳ 2" የተባለው በቆሎ ስማቸው ከዚያው ነው። አሰላ ከመግባታችሁ በፊት ያለው ቁሉምሳ ደግሞ የስንዴ ነው፤ ሥራው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስዊድን ድጋፍ ከተቋቋመው፣ ካዱ ከሚባለው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት ጋር የተያያዘ ነው።

አንድ ጊዜ ከኢተያ የተሳፈሩ አባት አጠገቤ ተቀመጡ። ስንዴውን አፍጥጬ ሳይ አይተው "የት አገር ነው የምታርሰው?" አሉኝ። አላርስም፣ ማየት ነው የምወደው ስላቸው ደስ አላቸው። መኪናው ሰው ለማውረድ ሲቆም በመስኮቱ አንዱን ማሳ እያሳዩኝ ቢጫ ዋግ ስለሚባለው የስንዴ በሽታ ነገሩኝ፤ ቅጠሉ ላይ በመስመር በመስመር እንደሚወጣ፣ በጣት ሲነኩት ቢጫ ዱቄት እንደሚተው። በ2003 መግቢያ ላይ ዋጉ ቁብሳ የሚባለውን ስንዴ ሲፈጀው የዓመት ልፋታቸው ጭድ ሆኖ እንደቀረ ሲናገሩ ድምፃቸው ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ ያንን ማሳ "ያምራል" ብዬ ብቻ አላልፈውም፤ ቅጠሉን አያለሁ።

መስኮት መክፈትን በተመለከተ፣ ሰው ንፋስ ይመታኛል ብሎ እንደሚፈራ ታውቃላችሁ። መልካሳ ላይ ማንም አይቃወምም፤ ከኢተያ በኋላ ግን ጋቢው ይደረባል፣ መስኮቱም ይዘጋል። ከመክፈት በፊት "እናቴ፣ ትንሽ ብከፍተው ይከብድዎታል?" ማለት ይበቃል። በኦሮምኛ "አካም ጅርቱ" (እንዴት ናችሁ) ብሎ ሰላምታ መጀመርም ጨዋታውን ያቀለዋል።

ወቅቱን ከጠየቃችሁኝ ኅዳር ነው። መልካሳና ዴራ ታጭዶ ገለባ ሲቀር ኢተያ አካባቢ ኮምባይነሮቹ ገና ማሳ ውስጥ ናቸው፤ አጨዳው ከታች ወደ ላይ እንዴት እንደሚወጣ በአንድ ጉዞ ይታያል። ለአረንጓዴው መስከረም ይሻላል።

ቀጣዩ ዕቅዴ አሰላ ላይ መኪና ቀይሮ በሳጉሬ በኩል በቆጂ መድረስ ነው። የእነ ደራርቱና የእነ ቀነኒሳ አገር ከመሆኗ ሌላ ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነች ስንዴው ለገብስና ለባቄላ ቦታ ሲለቅ የት ላይ እንደሆነ መመዝገብ እፈልጋለሁ። በቆጂ ሳያድር በአንድ ቀን አዳማ የተመለሰ ሰው ካለ፣ ከበቆጂ ወደ አሰላ የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚወጣ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።