ሦስት ቅጠል

የአጥር ሥራ ሲመጣ ዋጋ ከመናገሬ በፊት የማየው ቅንጭብ መኖር አለመኖሩን ነው። ቅንጭብ ካለ ሒሳቡ ከፍ ይላል። ወተቱ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል፤ ዓይን ከገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ዓይን ያቀላል፣ ያሳብጣል፣ ለተወሰነ ጊዜ ማየት እስከመከልከል ይደርሳል። አጥር ሲከረክም የኖረ ሰው አንድ ባልዲ ንጹሕ ውሃ አጠገቡ ሳያስቀምጥ ገጀራ አያነሳም።

አምና ግንቦት ላይ ወደ ጂረን መውጫ ያለ አንድ ግቢ የተጠራሁት ለዚሁ ለቅንጭብ ነበር። ባለቤቱ ብዙ ዓመት ቨርጂኒያ ኖረው የተመለሱ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰው ያከብራሉ፤ ክፍያ ላይ ነገ ዛሬ የለም። አንድ ጠባይ ብቻ አለቻቸው። አንድን ነገር አሜሪካ አይተውት ከሆነ በቃ፣ እዚህ ያለ ሰው ስለዚያ ነገር ምንም ሊነግራቸው አይችልም። ሣር ውሃ እንዴት እንደሚጠጣ ሳይቀር አስተምረውኛል። ያውም ጂማ ላይ፣ ዝናብ ዓመቱን ሙሉ በማይጠፋበት አገር!

ገና በሩን እንዳለፍኩ "ና፣ ና! ግን አትቅረብ" አሉኝ።

የት መቆም እንዳለብኝ ግራ ገባኝ። ጣታቸውን ወደ ጓሮው አጥር ቀሰሩ። ቅንጭቡ ላይ አንድ ሐረግ ተጠምጥሞ ወጥቷል።

"ይኼ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"አደንጓሬ ነው ጋሼ።"

"ፖይዘን አይቪ ነው።"

አደንጓሬውን የተከለችው የዘበኛው ባለቤት ናት። ዘበኛው ራሳቸው በሩ ጋ ቁጭ ብለው እየሰሙ ነው። ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው።

ጋሼ ትምህርቱን ጀመሩ። እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ተክሉ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው። ቅጠሉም ግንዱም ሥሩም ኡሩሺዮል የሚባል ቅባት አለው። ሲነኩት ምንም አይሰማም። ሳማ ቢሆን እዚያው ያስጮህሃል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ይኼኛው ግን ዝም ብሎ ይሸኝሃል። ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የት ምን እንደነካህ ከረሳህ በኋላ፣ ቆዳህ ይቀላል፣ ያሳክክሃል፣ ውሃ ይቋጥራል። እሳቸውን አንድ በጋ ሁለቱንም ክንዳቸውን ይዟቸው እንቅልፍ አጥተው እንደነበር ነገሩኝ። ሲያወሩት አሁንም ክንዳቸውን ያሻሉ። ሰውየው የምራቸውን ነው የፈሩት።

"ግን ጋሼ፣ ይህ ተክል እኮ የሰሜን አሜሪካ ነው። የቅርብ ዘመዶቹም ያሉት እስያ ነው። እኛ አገር በዱር አይበቅልም።"

"ቡና ከዚህ ሄዶ ብራዚል በቅሎ የለም እንዴ?"

ጂማ ላይ ቆሞ በቡና የሚከራከርን ሰው ማን ይረታዋል? ዝም አልኩ።

"ቁጠር" አሉኝ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ቅጠል ካየህ መሸሽ ነው ደንቡ።"

"ሦስት ቅጠል ከተሸሸማ ጋሼ፣ ከጂማ መውጣታችን ነው። ያ ቆርች ሦስት ነው። እንጆሪዎ ሦስት ነው። እግርዎ ሥር ያለው ማገጥም ሦስት ነው።"

ከማገጡ ላይ እግራቸውን አነሱ።

"የመሃለኛዋ ቅጠል ጭራ ደግሞ ከጎንና ከጎኗ ካሉት ይረዝማል። እያት!"

አየኋት። ትረዝማለች። ችግሩ የአደንጓሬም ትረዝማለች። ስለዚህ በሌላ በኩል መጣሁ። ፖይዘን አይቪ ዛፍ ላይ ሲወጣ ከግንዱ ፀጉር የመሰለ ሥር አውጥቶ ይጣበቃል፤ ይኼ ግን ይጠመጠማል፣ ከግንዱ የሚወጣ እንዲያ ያለ ሥርም የለውም አልኳቸው።

"ገና ልጅ ነው። ፀጉሩ ሲያድግ ይወጣል።"

የቀረኝ አንድ ማስረጃ ነበር። ሄጄ አንድ እሸት ቀጠፍኩ። ጋሼ ጮኹ። ቆባውን በጥፍሬ ሰነጠቅኩና ፍሬውን ከነቆባው መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ይባላል? አደንጓሬ ነው፤ ይቀቀላል፣ ይበላል።

ጋሼ ከርቀት አንገታቸውን አስግገው አዩ። ፊታቸው በራ።

"ፍሬው ነጭ ነው! የፖይዘን አይቪም ፍሬ ነጭ ነው!"

ነው እንዴ? ነው። ትንንሽ፣ ነጣ ያለ ፍሬ ነው የሚያፈራው። ኧረ በሕግ! አደንጓሬ ይዤ ቀርቤ አደንጓሬው መሰከረብኝ። ከበሩ በኩል ዘበኛው "ረቢ ያውቃል" ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ምንም አላሉም።

ይነቀል ተባለ። ጋሼ ለዚህ ቀን ብለው ከአሜሪካ ያመጡትን ዕቃ አወጡ። እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት፣ ወፍራም ላስቲክ፣ ልዩ ሳሙና። መመሪያውም ቀጠለ። እጅጌ ረጅም ይሁን፣ ሱሪ ካልሲ ውስጥ ይግባ። ሐረጉ ከነሥሩ ይነቀል፣ ካለበለዚያ መልሶ ያቆጠቁጣል። የተነቀለው ላስቲክ ውስጥ ገብቶ ይታሰር። በምንም ዓይነት እንዳይቃጠል፤ ቅባቱ ከጭሱ ጋር ሳንባ ይገባል። ገጀራና መቆፈሪያ በሳሙና ይታጠብ፣ ቅባቱ ብረት ላይ ብዙ ጊዜ ይቆያልና። ልብስ ለብቻው፣ ሰውነት ቶሎ በሳሙናና በብዙ ውሃ። ደንቡ አንድም ስህተት የለበትም። ፖይዘን አይቪ ያለበት አገር የሚሠራ ሰው እንዳለ ቢወስደው ይጠቀማል።

እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"መነጽር አለ ጋሼ?"

"ለምን?"

"ሐረጉ ያለው ቅንጭብ ላይ ነው። ስንጎትተው ቅንጭቡ ይሰበራል። ወተቱ ይረጫል።"

"ሐረግ እኮ ዓይን ውስጥ አይዘልም" አሉኝ፣ እንደ ሕፃን እያባበሉኝ። ስለ ቅንጭቡ የሰሙም አልመሰሉኝ። ቅንጭብ ለሳቸው አጥር ነው። ልጅ ሆነው ያውቁታል፣ አጠገቡ ተጫውተው አድገዋል፤ ምን ያስፈራል?

የኔን መነጽር ለረዳቴ ሰጠሁት። ሙቀት ሲበዛበት ግንባሩ ላይ ሰቀለው። ሐረጉን ሲስብ የቅንጭቡ ጫፍ ቀጭ አለና አንዲት ጠብታ ቅንድቡ ላይ አረፈች። እጁን ሲያነሳ ያዝኩት። ማሸት የለም፤ እጁም ወተት ነክቷል። ጭንቅላቱን አዘንብለን ከላይ ውሃ ማፍሰስ ጀመርን። በዚህ ጊዜ ሰዓት አይታይም እንጂ ቢታይ ከሩብ ሰዓት ማነስ የለበትም። ዓይን ከገባ ደግሞ ታጥቦም ቢሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። የሱ ደግነቱ ዓይኑ አልገባም፤ ቅንድቡ ብቻ ቀልቶ ቀረ።

ጋሼ ማንጎው ሥር ወንበር አውጥተው ቁጭ ብለዋል። ከዛፉ የተቆረጠ ማንጎ በጥርሳቸው እየላጡ ነው፤ ጭማቂው በእጃቸው አንጓ ይወርዳል።

"አየህ?" አሉኝ። "አላልኩህም? ሐረጉ ነው!"

ይቺ ናት እስካሁን የምታንገበግበኝ። ውሃ እያፈሰስኩ ነበርና አልመለስኩላቸውም።

ቀናት አለፉ። በቴሌግራም ፎቶ መጣልኝ። የጋሼ አፍ ዙሪያ ቀልቶ፣ አንጓቸው ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ተደርድሮ። ከሥሩ "አላልኩህም" የሚል ጽሑፍ። ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ የነቀልኩት እኔ ነኝ። እኔ ምንም አልሆንኩም።"

"አንተ ጓንት ነበረህ።"

"እሸቱን የቀጠፍኩት እኮ በባዶ እጄ ነው። የዘበኛው ባለቤትስ በባዶ እጇ ስትኮተኩተው አልከረመችም?"

"እሷ ለምዷታል።"

"እርስዎ ደግሞ ከነጭራሹ አልነኩትም።"

ዝም አሉ። በዚያች ዝምታ ገባሁ። ማንጎ በልተው ነበር፣ ከነልጣጩ ነክሰው ነበር አይደል? ማንጎና ፖይዘን አይቪ እኮ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ካሹም ከነሱ ነው፤ መንገድ ዳር የምናየው የቁንዶ በርበሬ ዛፍም ከነሱው ነው። የማንጎ ልጣጭና ከጭራው የሚወጣው ፈሳሽ የኡሩሺዮል ዘመድ አለበት። ብዙ ሰው ምንም አይለውም። አንዴ ፖይዘን አይቪ የያዘው ሰው ግን ሰውነቱ ያንን ነገር ያስታውሳል፤ ማንጎ በልጣጩ ሲነካው እንደገና ሊነሳበት ይችላል። ሌላ ሰው ልጦ፣ እጁን ታጥቦ ቢሰጣቸው ሥጋው ብዙ ጊዜ አይጎዳም። ይህን ሁሉ በትሕትና ነገርኳቸው።

"ማንጎ ልጅ ሆኜ ጀምሮ የምበላው ነው" አሉና ዘጉት።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙም መጀመሪያ የጠየቃቸው ማንጎ በልተው እንደሆነ ነው። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ እውነት ለመናገር አልደበቁም። ግን የሳቸው ማብራሪያ አለ። ማንጎው ባልተነሳ ነበር፣ የቀሰቀሰው የሐረጉ ሽታ ነው። አሁን ማንጎ የሚላጥላቸው በጓንት ነው አሉ፤ ያውም በዚያው ከአሜሪካ በመጣው።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ደወሉልኝ።

"ያ ነገር ተመልሶ መጥቷል። ሥሩን አልጨረስከውም።"

የዘበኛው ባለቤት እንደገና መትከሏን በዚያች ደቂቃ አወቅኩ።

"አበባ አውጥቷል ጋሼ?"

"አውጥቷል። ወይን ጠጅ ነው።"

"እንግዲያው አይንኩት። እስከ ሰኔ መጨረሻ ሥራ በዝቶብኛል፣ ከዚያ በፊት አልደርስም። ዋጋው ደግሞ ካምናው ይጨምራል፤ መነጽር ገዝቻለሁ።"

ያለ ክርክር እሺ አሉ። ስልኩን እንደዘጋሁ ዘበኛው ጋ ደወልኩና ሰኔ ሳያልቅ እሸቱን ልቀሙት አልኳቸው።

"ለጋሼም ትንሽ እንቀቅልላቸው እንዴ?" አሉኝ።