መሸኛ ሳትይዙ ከተማ አትግቡ

አዲስ አበባ የገባሁት በ2004 ዓ.ም. ነው፣ ከደብረ ማርቆስ። ብየዳ ስለምችል ሥራ ወዲያው አገኘሁ። ቤት ኪራይም በደላላ።

መታወቂያውን ግን «ይደርሳል» ብዬ ተውኩት። በ2005 ክረምት የ20/80 እና የ40/60 ኮንዶሚኒየም ምዝገባ ተከፈተ። አገሩ ሁሉ ንግድ ባንክ በር ላይ ሲሰለፍ እኔ የነዋሪነት መታወቂያ የለኝም።

አገር ቤት ሄጄ ከቀበሌዬ መሸኛ፣ ማለትም ነዋሪነቴን ለቅቄ መሄዴን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ አጻፍኩ። የድሮ መታወቂያዬን ተቀበሉኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የየትም ነዋሪ አልነበርኩም።

አዲስ አበባ፣ ወረዳው ላይ፣ ጸሐፊዋ ወረቀቱን በእስክሪብቶዋ ጫፍ ተከተለችው። «እዚህ ኃይሉ ይላል፤ ትምህርት ማስረጃህ ላይ ሀይሉ።» የአያቴ ስም ነው። ሲነበብ አንድ ነው አልኳት። «አስተካክለህ ና።» ለአንድ ፊደል 300 ኪሎ ሜትር ተመለስኩ! ሁለተኛው ወረቀት ደግሞ ማህተሙ ፎቶዬን አልነካም ተባለ። ግማሹ ፎቶው ላይ ማረፍ ነበረበት። ማህተሙን የመታው ሰውዬ ስልክ እያወራ ነበር። ፎቶውን ሲስተው በዓይኔ አይቻለሁ። ላስቸግረው አልፈለግኩም፣ ዝም አልኩ። ከሰውዬው ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ይሉኝታዬ ነው።

ሦስተኛው ሲሟላ የቤት ቁጥር ተጠየቅኩ። አከራዬ «ልጄ፣ አንተን ካስመዘገብኩ የኪራይ ግብር ይመጣብኛል» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። በስንት ልመና የአክስቴ ልጅ በእሱ ቤት አስመዘገበኝ። መታወቂያው እጄ ሲገባ ምዝገባው ተዘግቷል። ጥቃቅንና አነስተኛ ለመደራጀትም የሚጠየቀው ያው ካርድ ስለሆነ ጓደኞቼ ያለ እኔ ተደራጅተው የመሥሪያ ሼድ ወሰዱ። እኔ የእነሱ ቀን ሠራተኛ ሆንኩ።

ቢሮ ብትጠይቁ «መጀመሪያ ቋሚ አድራሻ ይኑርህ» ይሏችኋል። አትስሟቸው። መሸኛውን ሻንጣ ከማሰራችሁ በፊት አውጡ። የድሮ መታወቂያችሁን ሳትመልሱ ፎቶ ኮፒ አንሱ። ስማችሁን ፊደል በፊደል አመሳክሩ፤ ሀ እና ኃ እዚያ ቤት አንድ አይደሉም። ማህተም ሲመታ ዓይናችሁን አትንቀሉ፣ ከሳተ እዚያው ተጨቃጨቁ። ቤት ስትከራዩ ደግሞ ከዋጋው በፊት «በቤት ቁጥርዎ ያስመዘግቡኛል?» በሉ። እምቢ ካሉ ሌላ ፈልጉ።

ያኔ ከተመዘገቡት ብዙዎቹ ዛሬም ዕጣ እየጠበቁ ነው፤ ይህን ስሰማ ትንሽ ቀለል ይለኛል፣ አልዋሽም። ሰሞኑን የምበይደው የኮንዶሚኒየም በረንዳ ፍርግርግ ነው። የሰው።