ከራዲዮ ሽቦ ወደ ወርቅ አንቴና

አጎቴ በደብረ ማርቆስ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። ለ100 ሜጋኸርትዝ ጣቢያ አንቴና ሲሠራ 3 ሜትር የሆነውን የሞገድ ርዝመት ለሁለት ይከፍልና ከሚደርሰው 1.5 ሜትር ሽቦ ላይ ጥቂት ጣት በጉጠት ይቀንስለታል። «አንተ ልጅ፣ ሽቦ ከስሌቱ ትንሽ ማጠር ይወዳል» ይለኝ ነበር። ባሕር ዳር ላይ ለሁለተኛ ዲግሪዬ፣ በአንድ ቺፕ ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦችን ያለ ሽቦ በብርሃን የሚያገናኙ የወርቅ አንቴናዎችን በኮምፒውተር ስሌት ልፈትሽ ስነሣ ይዤ የመጣሁት ይህንኑ ነበር፤ ያሳሳተኝም «ትንሽ» የሚለው ቃል ነው።

ብርሃንን በብረት ጠርዝ ላይ አጣብቆ የሚመራ የፕላዝሞኒክ መስመር እጅግ ቀጭን ቢሆንም፣ ብረቱ ብርሃኑን ወደ ሙቀት ስለሚለውጥበት ኃይሉ ከርቀት ጋር በኤክስፖኔንሻል፣ ማለትም በእኩል እርምጃ ሁሉ በተመሳሳይ እጥፍ፣ ይወድቃል። በአንቴናዎች መካከል በመስታወት ውስጥ የሚያልፈው ግን በርቀቱ ካሬ ልክ ብቻ ስለሚቀንስ፣ ከተወሰነ ርቀት በኋላ ሽቦ አልባው ይበልጣል። ተመራማሪዎቹ አንድሪያ አሉና ናደር ኤንጌታ ይህን በ2010 በስሌት አሳይተዋል።

የመረጥሁት የብርሃን ሞገድ ርዝመት 1550 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው)፣ በድግግሞሽ 193 ቴራኸርትዝ ገደማ ነው። በመስታወት ውስጥ ግማሽ ሞገዱ 538 ናኖሜትር ስለሚሆን የመጀመሪያውን ዘንግ ከዚያ ጥቂት አሳጥሬ ሠራሁት፤ አንቴናው በብርቱ ምላሽ የሚሰጥበት ሞገድ ግን ከመረጥሁት እጅግ ረዝሞ ተገኘ። በዚህ የመወዛወዝ ፍጥነት የወርቅ ኤሌክትሮኖች የብርሃኑን ኤሌክትሪክ መስክ በቅጽበት መከተል ስለማይችሉ፣ ብርሃኑ ወደ ብረቱ ከ20 ናኖሜትር በላይ ይዘልቃል። የእኔ ዘንግ ውፍረት ደግሞ 40 ነበረና መስኩ ያልገባበት ቦታ አልነበረም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በዘንጉ ላይ የሚሄደው ሞገድ ያጥራል፤ ተመራማሪው ሉካስ ኖቮትኒ በ2007 የዚህን ልክ አስልቷል። የእኔ አንቴና የተስተካከለው ከ400 ናኖሜትር በታች ሲወርድ፣ ማለትም ከሩብ በላይ ሲቀነስለት ነው።

ከዚያ ተቀባዩ ከተላከው በላይ ኃይል ሲያገኝ አየሁ፤ ደስ ብሎኝ ለአማካሪዬ ወሰድሁ። በኅዳጉ ላይ «ጎተራው ከገባበት በላይ አወጣ?» ብለው ጻፉበት። የተቀባዩን ኃይል ለማካፈያ የተጠቀምሁት የብርሃን ምንጩ አንቴና ሳይኖር የሚያመነጨውን ኃይል ነበር፤ አንቴና አጠገቡ ሲቆም ግን ያው ምንጭ ብዙ እጥፍ ያመነጫል። ምንጩን በትንሽ ሣጥን ከብቤ ከእርሱ በእውነት የሚወጣውን ስለካ፣ ድንቁ ውጤት ተነነ።

ሌላው ስሕተት ኮምፒውተሩ ቦታውን በትንንሽ ዓይኖች ከፋፍሎ የሚያሰላበት መረብ ነበር። ዘንጉ በተከፈለባቸው ሁለት ክንዶች መካከል ያለው ክፍተት 20 ናኖሜትር ሆኖ ሳለ የመረቡ ዓይን 10 ስለነበር፣ መስኩ የሚበረታበት ስፍራ በሁለት ዓይን ብቻ ተሥሏል። ዓይኑን በግማሽ ማሳጠር ራሙን 8 እጥፍ፣ ጊዜውን 16 እጥፍ ይጠይቃል፤ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ስሌት መብራት ሲሄድ ጠፍቶብኝ ያውቃል። መፍትሔ የሆነኝ የአንቴናውን ተመሳሳይነት በሁለት ወለል ተጠቅሞ ሩቡን ብቻ ማስላትና የተሠራውን በየሰዓቱ ማስቀመጥ ነው። ከአንቴናው በፊትም የፊዚክስ ሊቁ ጉስታቭ ሚ በ1908 መፍትሔውን ባስቀመጠለት የወርቅ ሉል ኮዱን መፈተሽ ነበረብኝ፤ ይህን ያደረግሁት በመጨረሻ መሆኑ ዛሬም ያናድደኛል።

ወርቅ ሲሊከን ውስጥ ሰርጎ ትራንዚስተሩን ስለሚያበላሽ የቺፕ ፋብሪካዎች አይፈልጉትም። ስለዚህ አሁን እነርሱ የለመዱትን መዳብ አስገብቼ የዘንጉን ርዝመት እንደገና ከ400 ወደ ታች በ10 በ10 ናኖሜትር እየቀነስሁ ነው።